ስሙ ያልተጠራ፣ ቡናው አልተመዘነም

ቴፒ የደረስኩት በለቀማ ወቅት ነው። ከመኪና ወርጄ ባጃጅ ውስጥ ገና ከመቀመጤ የእሸት ቡና ቅርፊት ሽታ ተቀበለኝ። ይህን ሽታ የማያውቅ ሰው አፍንጫውን ይይዛል። ከቡና ማጠቢያው ጀርባ የተቆለለው ቀይ ቅርፊት ፀሐይና ዝናብ ሲፈራረቁበት ይቦካል፤ ግማሹ ጠላ ጠላ፣ ግማሹ የበሰበሰ ፍራፍሬ ይሸታል። እኔ ግን እዚያው ውስጥ ስላደግኩ ደረቴን ከፍቼ ሳብኩት።

የባጃጁ ሬዲዮ ኳስ ያስተላልፋል። ድምፁን እንደሰማሁ ማን እንደሆነ አወቅሁ። ትንሽ ሻክሯል እንጂ ያው ነው። ጨዋታው ከተጀመረ ቆይቷል፤ ሰውዬው ግን ኳሷን ትቶ ተቀያሪ ወንበር ላይ ስላለ ልጅ ያወራል። «ዳዊት ጃኬቱን አወለቀ፤ አሰልጣኙ ዝም ሲሉት መልሶ ለበሰው። አይዞህ ዳዊት፣ ቀኑ ገና ነው» ይላል።

«እኚህ ሰውዬ ሁሌም እንደዚህ ናቸው» አለ ባለባጃጁ እየሳቀ። «ኳሷ የት እንዳለች ሳይነግሩን የተቀመጠውን ሁሉ ስም ይጠሩልናል።»

«ለምን እንደሆነ ታውቃለህ?»

«እኔ ምን አውቃለሁ? እናቴ ግን ከሳቸው ሌላ ሰው ያስተላለፈውን ኳስ አትሰማም።»

እኔ አውቃለሁ። የነገሩ መነሻ እኔ ነኝ ብል እንኳ ማጋነን አይሆንብኝም።

ያን ጊዜ ዘጠኝ ዓመቴ ነበር። የምንኖረው ከቴፒ ወጣ ብሎ ባለ የቡና እርሻ ካምፕ ውስጥ ነው። አባቴ ከወሎ መጥቶ የእርሻው ትራክተር ሹፌር ሆኖ የቀረ ሰው ነው። እናቴ የሺ ቡና ትለቅማለች። ታላቅ ወንድሜ ብርሃኑ አስራ ሰባት ዓመቱ ሲሆን የእርሻው የወጣቶች ቡድን ተጫዋች ነበር። «ተጫዋች» ያልኩትን እንዳለ አትቀበሉት፤ እመለስበታለሁ።

ጎረቤታችን ጋሽ ታምራት ነው። ሚዛን ተፈሪ አካባቢ ተወልዶ ያደገ ቤንች ነው፤ አማርኛን የለመደው ትምህርት ቤት ገብቶ ነው። በወጣትነቱ በረኛ ነበር፤ ያውም አዲስ አበባ ሄዶ በትልቅ ክለብ ደመወዝ እየተከፈለው የተጫወተ በረኛ። ሌላው በረኛ በእግሩ መትቶ የሚያደርሰውን ኳስ እሱ በእጁ ያደርሰው ነበር አሉ። ትንሽ ይንደረደርና ከመሃል ሜዳ አሳልፎ ይወረውራታል። ባላጋራ ገና ከኮርና ሳይመለስ ኳሷ ቀድማው የራሱ በር ላይ ትደርሳለች። ከዚያ አንድ ቀን ከአጥቂ ጋር ተጋጭቶ ትከሻው ተሰበረ። ሐኪም አየው፣ ወጌሻም አሸው፤ ክንዱ ግን ከትከሻው በላይ አልነሳ አለ። ክለቡ ሸኘው፤ እሱም ወደ ቡናው አገር ተመለሰ።

ትልልቆቹ «ታምራት ክንዱን ጨርሶ ነው የመጣው» ሲሉ ስለምሰማ ክንድ እንደ ሳሙና የሚያልቅ ይመስለኝ ነበር። ስለዚህ ማንጎ ለማውረድ ድንጋይ ስወረውር ቀኝ እጄን ለትምህርት ቤት ቆጥቤ በግራዬ እወረውራለሁ። አንድም ማንጎ መትቼ አላውቅም፤ ቀኝ እጄ ግን ይኸው እስከ ዛሬ አለ።

ጋሽ ታምራት በእርሻው የተሰጠው ሥራ ሚዛን ቤት ነው። አመሻሽ ላይ ለቃሚዎች የሞላ ማዳበሪያቸውን ተሸክመው ሲሰለፉ በሜጋፎን ስም የሚጠራው እሱ ነበር። የሚዛን ቤቱ ሕግ አጭር ነው፤ ስሙ ያልተጠራ ቡናው አልተመዘነም። ቀኑን ሙሉ ስትለቅም ብትውል ስምህ ካልተጠራ ያን ቀን ሥራ አልገባህም ማለት ነው። ከእሱ በፊት የነበረው መዛኝ «አንቺ ቀይ ሻሽ! አንተ ረጅሙ!» እያለ ይጠራ ነበር ይባላል። ጋሽ ታምራት ግን ትናንት ከቱም ከተማ የመጣውን የቀን ሠራተኛ እንኳ ከነአባቱ ስም ነው የሚጠራው። «ወይዘሮ የሺ አራጋው! ይምጡ!» ሲል እናቴ ጀርባዋ ላይ ያን ሁሉ ቡና ተሸክማ ወገቧን ቀና አድርጋ ትሄዳለች። ሰርግ የተጠራች እንጂ ልትመዘን የምትሄድ አትመስልም።

ችግሩ ቡና ወቅት አለው። ለቀማ ሲያልቅ ሜጋፎኑ ስቶር ተቆልፎበት ይቀመጣል፤ ጋሽ ታምራት ደግሞ እስከሚቀጥለው ለቀማ የስቶሩ ጥበቃ ይሆናል። በር ላይ ቁጭ ብሎ ዝም። አንድ ጊዜ አባቴን «ቡና ሲያልቅ እኔም አብሬ አልቃለሁ» ሲለው ሰምቼ ክንዱ ቀስ በቀስ እያለቀ ወደ ሌላ ቦታ መዛመቱ ነው ብዬ አዘንኩለት።

በዚያ ዓመት የአካባቢው ቡድኖች የዋንጫ ውድድር ልክ በለቀማው መሃል ዋለ። ጨዋታው ቅዳሜ ከሰዓት ነው። ቀይ ቡና ደግሞ ቀጠሮ አያውቅም፤ ዛሬ ያልለቀምከውን ነገ ከመሬት ታነሳዋለህ። ስለዚህ ልጆቹ ሜዳ ላይ ሲጫወቱ እናቶቻቸው ዳገቱ ላይ ይለቅማሉ። ሜዳው ቅርብ ነው፤ ነገር ግን በጥላ ዛፍና በቡና የተከበበ ስለሆነ ከዳገቱ ሆኖ የሚታይ ነገር የለም። ጋሽ ታምራት ይህ ነገር አላስችለው አለና ሥራ አስኪያጁ ዘንድ ሄደ።

«ለቃሚ የሚሠራው በእጁ ነው» አለው። «ጆሮው ሥራ ፈት ነው። ሞንታርቦውን ሚዛን ቤቱ ጣራ ላይ ስቀሉልኝ፤ እኔ ሜዳው ዳር ሆኜ ልጆቻቸውን ላሰማቸው።»

አስኪያጁ ሳቀና ፈቀደ።

የመጀመሪያውን ጨዋታ የሰማሁት ከእማዬ ጋር ቡና ስር ሆኜ ነው። ቅዳሜ ትምህርት ስለሌለ የእኔ ሥራ ከእጇ አምልጦ መሬት የወደቀውን ፍሬ መልቀም ነበር። ጣቶቼ በእሸቱ ማር ተጣብቀዋል፣ ጉንዳን በእግሬ ይወጣል፣ ከላይ ጉሬዛዎች ከቅርንጫፍ ቅርንጫፍ ይዘላሉ፤ በዚያ መሃል የጋሽ ታምራት ድምፅ ሸለቆውን ሞልቶ መጣ። ጉሬዛዎቹ እንኳ ለቅጽበት ቀጥ አሉ።

በረኛ ኳስ ሲያስተላልፍ ምን እንደሚመስል ያልሰማ ሰው ቀርቶበታል። ኳሷ ወዲያ ማዶ ስትሄድ ሁሉም አስተላላፊ አብሯት ይሄዳል፤ ጋሽ ታምራት ግን እዚሁ ከበረኛው ጋር ይቀራል። «በረኛው ብቻውን ነው። ጓንቱን አጠበቀ። ሳሩን በእግሩ ዳበሰ። ማንም አያየውም፤ እሱ ግን ሁሉንም ያያል።» በዚህ ምክንያት እኔ ኳስ ማለት በር አለ፣ ቤት የለም፣ በሩን አንድ ሰው ብቻውን ይጠብቃል፣ ሌሎቹ ጥለውት ይሮጡና ሲደክማቸው ይመለሱበታል ማለት ይመስለኝ ነበር። ያሳዝነኝ ነበር በረኛው።

ሴቶቹ ግን የሚጠብቁት የልጃቸውን ስም ነው። «ተሾመ ኳሷን ይዞ ገባ!» ሲል እትዬ አስካለ ከላይኛው መደዳ እልልታዋን ታቀልጠዋለች። ተሾመ የቡድኑ አምበልና አጥቂ ነው፤ እትዬ አስካለ ደግሞ አምበሉን የወለደችው እሷ መሆኗን ለማንም ሳትነግር የምትውል ሴት አልነበረችም። ቀጥሎ የሌላይቱ ልጅ ይጠራል፣ ሌላ እልልታ። ከዚያ «ብርሃኑ ተቀበለ፤ ብርሃኑ በጥሩ ሁኔታ አቀበለ!» ይላል። እማዬ ቅርጫቷን ከወገቧ ፈትታ መሬት ታስቀምጣለች፤ ጉሮሮዋን ትጠርጋለች፤ ከዚያ እልል ትላለች። ስሙ ሳይጠራለት የሚቀር ልጅ አልነበረም። በሚዛን ቤት እንደሚያደርገው ነው፤ ማንም አይዘለልም።

ጨዋታው አልቆ ቡናው ከተመዘነ በኋላ የካምፑ እናቶች ቦኖ ውሃው ጋ ይሰበሰባሉ። እያንዳንዷ የልጇን ማልያ ታጥባለች፤ ቢጫ ማልያ ነው። የእኛ አገር ጭቃ ቀይ ነው፤ ከጨርቅ ጋር ከተገናኘ መለየት አይወድም። የእትዬ አስካለ ሳፋ ገና ማልያው ሲነከርበት ቀይ ወጥ ይመስላል። የሌሎቹም እንደዚያው። የእኛ ሳፋ ውስጥ ያለው ውሃ ግን ንጹህ ነው። የሳሙና አረፋው ነጭ እንደሆነ ይቀራል።

ይህ ነገር ኩራቴ ነበር። ወንድሜ ሌሎቹ ሲንከባለሉ ሳይወድቅ የሚጫወት ብቸኛ ሰው ነው ብዬ ደመደምኩ። አንድ ማታ አላስችለኝ አለና ሴቶቹ ሁሉ ባሉበት ጮክ ብዬ «የእኔ ወንድም እኮ አይወድቅም! ውሃችንን እዩት!» አልኩ።

ከቧንቧው የሚወርደው ውሃ ብቻ ተሰማ። እትዬ አስካለ አሳላት። እማዬ ቀና ሳትል ማልያውን ጭምቅ አደረገችው፤ ጠብ የሚል ውሃ እስኪያልቅ ድረስ ጨመቀችው። በቅናት ነው ብዬ አሰብኩ፣ የሴቶቹ ዝምታ። በደስታ ደረቴን ነፍቼ ወደ ቤት ሄድኩ።

ለዋንጫ ለማለፍ በተደረገው ጨዋታ ቀን ከዳገቱ ጠፋሁ። ሳይወድቅ የሚጫወተውን ወንድሜን በዓይኔ ማየት አማረኝ። በቡናው መሃል ሾልኬ ወርጄ ከሰዎች እግር መሃል አንገቴን አስገባሁ። ሜዳው ካሰብኩት ያንሳል፤ በረኛው ግን ልክ እንዳሰብኩት ብቻውን ነው።

ብርሃኑን ፈለግኩት። ከወዲያ ወዲህ የሚሮጡትን አንድ በአንድ አየሁ፤ የለም። በመጨረሻ አገኘሁት። ከሜዳው ዳር አግዳሚ ላይ ተቀምጦ እግሩ ስር የብርቱካን ቅርጫት አስቀምጧል። በእረፍት ሰዓት ተጫዋቾች እንዲበሉት ብርቱካን ይልጣል። ጥሩ ይልጣል ደግሞ፤ ልጣጩ ሳይቆረጥ እስከ መጨረሻው ይወርዳል።

በዚያው ቅጽበት ሞንታርቦው «ብርሃኑ! ብርሃኑ በግራ በኩል ወጣ፤ አቀበለ!» አለ። ከዳገቱ የእማዬ እልልታ መጣ።

በግራ በኩል አየሁ፤ ማንም የለም። ብርሃኑን አየሁት፤ ብርቱካኑን ይዞ አንገቱን ደፍቷል። ምን ይባላል ይሄ? ብዙ አሰብኩና መልሱን አገኘሁ። ሬዲዮ ነገ ይዘንባል ሲል ነገ እንደሚዘንበው ሁሉ ሞንታርቦውም የሚሆነውን ቀድሞ ነው የሚናገረው። ስለዚህ ብርሃኑ በግራ በኩል እስኪወጣ ጠበቅኩት። ዳኛው የመጨረሻውን ፊሽካ እስኪነፋ ጠበቅኩት። ቡድናችን አሸነፈ፣ ሰው ሜዳ ገብቶ ጨፈረ፤ ብርሃኑ ልጣጮቹን ይሰበስባል።

ሲያየኝ ደነገጠ። «ከማን ጋር መጣሽ?»

«ብቻዬን። መቼ ነው የምትጫወተው?»

የቀረውን ብርቱካን እጄ ላይ አስቀመጠ። «ለእማዬ ምንም እንዳትያት፣ እሺ ሰብሊ?»

እሺ አልኩ። ለእማዬ አላልኩም። ለጋሽ ታምራት ግን እንዳትነግሪ ያለኝ የለም።

በማግስቱ ከቤተ ክርስቲያን ስንመለስ ደጁ ላይ ተቀምጦ አገኘሁት። ክርታስ ጠቅልሎ እንደ ሜጋፎን አፉ ላይ አድርጎ ለብቻው ያወራል። ፊቱ ቆምኩ።

«ጋሼ፣ ብርሃኑ ትናንት ተቀምጦ ነበር።»

ክርታሱን አወረደ። «ማን አለሽ?»

«አይቼዋለሁ። በግራ በኩል አልወጣም። በቀኝም አልወጣም።»

ሰው አየው አላየው ብሎ ግራ ቀኙን ቃኘና አጠገቡ እንድቀመጥ ሳበኝ። «ስሚ ሰብሊ» አለ ድምፁን ዝቅ አድርጎ። «ሚዛን ቤት ስሙ ያልተጠራ ሰው ምን ይሆናል?»

«ቡናው አልተመዘነም።»

«በቃ። እናትሽ ዳገት ላይ ቆማ የሁሉም ልጅ ስም ሲጠራ የሷ ልጅ ሳይጠራ ቢቀር ምን ብላ ትመለስ? ቃሉ ሁለት ነው፤ ተቀበለ፣ አቀበለ። ማንን ይጎዳል?»

«ግን ውሸት ነው።»

«ውሸት ነው» አለ፤ አልተከራከረኝም። ጉልበቱን በግራ እጁ መታ መታ አደረገ። «የከፋው ደግሞ በሚመጣው ቅዳሜ ነው። ሚዛን ተፈሪ ላይ ሬዲዮ ጣቢያ ተከፍቷል። ለዋንጫው ጨዋታ ጋዜጠኛ ይመጣል፤ ድምፄን ቀድቶ ሊወስድ። ከወደዱኝ ዓመቱን ሙሉ ሥራ አለኝ። ቡና ኖረ አልኖረ ስም ስጠራ እኖራለሁ ማለት ነው። ታዲያ የተቀመጠውን ልጅ ‹ወጣ› ብዬ ብይዘው የእኛ ሰው እስከ ዛሬ ሰምቶ እንዳልሰማ አልፎኛል፤ ጋዜጠኛው ግን ውሸታም ብሎኝ ይሄዳል። እውነቱን ብናገር ደግሞ የሺ…» ቃሉን ሳይጨርስ ተወው።

ትልቅ ሰው እንዲህ ጨንቆት አይቼ አላውቅም። ለእኔ ግን ምንም የሚጨንቅ ነገር አልታየኝም።

«ለምን ብርቱካን መላጡን አትነግራትም?»

«ምን?»

«ብርቱካን ይልጥ ነበር እኮ። ልጣጩ አይቆረጥበትም። አንተ በረኛው ሳሩን ሲዳብስ እንኳ ትናገር የለ? በረኛውም እኮ ዝም ብሎ ነው የሚቆመው።»

ጋሽ ታምራት አየኝ። ከዚያ መሳቅ ጀመረ፤ ያ የማይነሳ ክንዱ እስኪንቀጠቀጥ ሳቀ። «ሂጂ ወደ ቤትሽ!» አለኝ። «ይህችን ልጅ ማነው የወለዳት?» እያለ ገባ።

የዋንጫው ጨዋታ ከጌጫ ቡድን ጋር ነበር። ጌጫዎች ደገኞች ናቸው፤ እኛ ዘንድ ሲወርዱ ሙቀቱ ያዝላቸዋል ተብሎ ካምፑ ገና ሳይጫወት ዋንጫውን የት እንደሚያስቀምጥ ይማከር ነበር። እኔ ያን ቀን እማዬ አጠገብ ነበርኩ፤ ከባለፈው በኋላ ዓይኗን ከእኔ ላይ አላነሳችም። ጨዋታው ሊጀመር ሲል ቴፕ በትከሻው ያንጠለጠለ ቀጭን ሰው ቁና ቁና እየተነፈሰ ወደ ለቃሚዎቹ መጣ። ጋዜጠኛው ነው። ሜዳ ላይ ጩኸት በዝቶበት ድምፁ የት ጥርት ብሎ እንደሚሰማ ሲጠይቅ ወደ እኛ ልከውታል።

«አማርኛው ትንሽ ቤንችኛ ቤንችኛ ይላል» አለ ገና የመጀመሪያዎቹን ቃላት ሰምቶ።

«ታዲያ የምንሰማው አዲስ አበባ ሆነን ነው?» አለችው አንዷ ቤንች ለቃሚ፤ ሴቶቹ ሳቁ። እሱም ሳቀና ቴፑን ከፈተ።

ጋሽ ታምራት ጀመረ። ሜዳ የገቡትን አስራ አንዱን ጠራ። እናቶቹ እልል አሉ። ከዚያ ለአፍታ ዝም አለ። በዚያች አፍታ ሞንታርቦው ሲያንሾካሹክ ይሰማኛል።

«ተቀያሪ ወንበር ላይ» አለ፣ «ብርሃኑ ይመር ተቀምጧል። ታኬታውን አስሯል። እግሩ ስር ብርቱካን አለ፤ ለጓደኞቹ ይልጣል። ልጣጩ አይቆረጥበትም። ዓይኑ ግን ከኳሷ አልተነቀለም።»

የቡናው ቅጠል እንኳ የቆመ መሰለኝ። ሴቶቹ ሁሉ ወደ እናቴ ዞሩ። እማዬ እጇ ቅርንጫፉ ላይ እንዳለ ቀረች። ጋዜጠኛው ግንባሩን ቋጠረ፤ «ኳሷስ?» አለ ለራሱ።

እትዬ አስካለ ከላይኛው መደዳ አልቻለችም። «እንዴ የሺ! ልጅሽ ብርቱካን ላጭ ሆነ እንዴ?»

«ታዲያ የሚበላው ያንቺ ልጅ አይደል?» አለች እማዬ።

ዳገቱ በሳቅ ተናጋ። እትዬ አስካለም ራሷ ሳቀች፤ ምን ታድርግ። እማዬ አልሳቀችም። ቅርጫቷን ከወገቧ ፈታች፣ መሬት አስቀመጠች፣ ጉሮሮዋን ጠረገች፣ ለብርቱካኑ እልል አለች። ከዚያ ለቀማዋን ቀጠለች። እጇ ግን ይፈጥን ነበር፤ ቀዩንም አረንጓዴውንም አብራ ስትለቅም አየኋት። ያን ሰዓት ከእሷ ይልቅ የእኔ ዓይን እንባ ሞላ፤ ለምን እንደሆነ አላውቅም፤ ኮርቼ እንጂ ከፍቶኝ አልነበረም።

ከእረፍት በኋላ ጌጫዎች አልዛሉም። እንዲያውም የዛሉት የእኛዎቹ ናቸው። ጋሽ ታምራት ዕለቱን አንድም ነገር አልዋሸም፤ ስንቀደም ተቀደምን፣ ስናገባ አገባን አለ። የገዛ ካምፑ ቡድን እንደመሆኑ ሲከፋው ድምፁ ያስታውቃል፤ ቃሉ ግን አልተዛነፈም። የተቀመጡትንም አልረሳም። በየመሃሉ «ብርሃኑ ቆሞ ያፍታታል»፣ «ብርሃኑ መልሶ ተቀመጠ» ይላል። ጋዜጠኛው መጀመሪያ ሰዓቱን ያይ ነበር። በኋላ ቴፑን ትቶ «ይገባ ይሆን?» ብሎ እኔን ጠየቀኝ።

ጨዋታው ሊያልቅ ሲል ተሾመ እግሩን ያዘው። እትዬ አስካለ «ወይኔ ልጄን!» አለች። የቀሩት ተቀያሪዎች ቀድመው ገብተዋል፤ የቀረው አንድ ሰው ብቻ ነው።

«ብርሃኑ ይመር ተነሣ» አለ ሞንታርቦው። «እጁን በማልያው ጠረገ። አሁን እውነት ነው፤ ብርሃኑ ገባ።»

እማዬ ቅርንጫፉን ለቀቀችው።

«ኳሷ ወደ ግራ ሄደች። ብርሃኑ ሮጠ። ደረሰባት። አንዱን አለፈ! ሁለተኛው መጣበት፣ ብርሃኑ… ብርሃኑ ወደቀ። ጭቃው ውስጥ በሙሉ ደረቱ ወደቀ።»

ሴቶቹ «እሰይ…» ብለው የጀመሩትን ዋጡት። እናቴ ግን ሁለት እጇን ወደ ሰማይ ዘርግታ እልልታዋን ለቀቀችው። እንደዚያ ያለ እልልታ ከእሷ አፍ ሰምቼ አላውቅም። አቋርጣ ትተነፍስና ትቀጥላለች።

ጋዜጠኛው ተጨንቆ ጠጋ አላት። «እናቴ፣ ወደቀ እኮ ነው ያሉት።»

«ሰምቻለሁ!» አለችው።

ዋንጫውን ጌጫ ወሰደ። እናቴ ማን እንዳሸነፈ የጠየቀችው ቡናዋ ተመዝኖ ካበቃ በኋላ ነው።

ሚዛን ቤት ጋሽ ታምራት ድምፁ ተዘግቶ ሰልፉን ጠራ። ጋዜጠኛው አጠገቡ ቆሟል። «ከሚመጣው ወር ጀምሮ ሚዛን ተፈሪ ይምጡ» ሲለው ሰማሁ። «ኳሷን ብዙ ጊዜ ይጥሏታል። ግን ሰው ሲወድቅ እልል የተባለበት ስርጭት እኔ ሌላ አልሰማሁም፤ ይኸው ቀድቼዋለሁ።» ጋሽ ታምራት ወደ ሰልፉ ዞረ። «ወይዘሮ የሺ አራጋው! ይምጡ!» አለ በዚያ በተዘጋ ድምፁ።

እማዬ ማዳበሪያዋን ሚዛኑ ላይ አሳርፋ ቀና አለች። «ታምራት ወንድሜ» አለችው፣ «እስከ ዛሬ ለጠራህልኝም እግዜር ይስጥልኝ። የዛሬው ግን ይበልጣል።»

ሜጋፎኑን ይዞ ቀረ። ቀጣዩን ስም ለመጥራት ጊዜ ወሰደበት።

ቤት ስንደርስ ብርሃኑ በር ላይ ቆሟል፤ ከአገጩ እስከ ጉልበቱ ቀይ ነው። አፍሮ ዓይኗን ማየት አልቻለም። እሷ ፊቱን በነጠላዋ ጫፍ ጠረገችለትና ማልያውን እንዲያወልቅ ነገረችው። ተከትያት ወጣሁ።

«እማዬ፣ ታውቂ ነበር?»

«ማልያውን የማጥበው እኔ አይደለሁ?»

«ታዲያ ለምን እልል ትይ ነበር?»

«ልጄን ሳይዘልል የጠራልኝ ሰው ይፈር?»

ማልያውን፣ ሳሙናና ሳፋ ይዤ ወደ ቦኖው ልሄድ ተነሣሁ። «የት ነው?» አለችኝ። ማልያውን ከእጄ ወሰደችና ሳታጥበው፣ ጭቃው እንዳለ፣ አጥሩ ሽቦ ላይ ሰቀለችው። ከፊት ለፊት የእትዬ አስካለ በር ነው፤ በስሩ ደግሞ እሁድ ጠዋት ካምፑ በሙሉ ወደ ቤተ ክርስቲያን የሚያልፍበት መንገድ ነው። እጅጌዎቹን በሁለት በኩል ዘርግታ ደረቱን ወደ መንገዱ አዞረችው። ራቅ ብላ አየችው፤ አንዱን እጅጌ እንደገና አቃናችው።

«ነገ ጠዋት ልጠብልሽ?» አልኳት።

«ንኪውና!» አለችኝ።